የጨረር ልኬት፦ ከ«ስካን» የሚሻል ስም

«ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ስካን» የሚል ጽሑፍ ሳያይ ከፒያሳ አራት ኪሎ የሚደርስ ሰው የለም። ስካን ለአብዛኞቻችን መታወቂያን ወይም ዲግሪን መስታወት ላይ ደፍቶ መልኩን ወደ ኮምፒዩተር መገልበጥ ነው። ቅጂው ማኅተም አርፎበት «ከዋናው ጋር ተገናዝቧል» ከተባለ በየቢሮው የዋናውን ሥራ ይሠራል። እንግዲህ አንድ የአርኪዮሎጂ ተማሪ «ጣይቱ ሆቴልን ስካን ልናደርገው ነው» ቢል ሰሚው ምን ይረዳል? ሕንፃው ሊገለበጥ ነው፤ ቅጂው ከተገኘም ዋናው ቢጠፋ ብዙ አይጎዳም። ቃሉ ከመሣሪያው ጋር መጣ፤ ይህን ሐሳብ ግን ያወረሰው የኮፒ ቤቱ ነው። በእንግሊዝኛ «ሌዘር ስካኒንግ» ለሚባለው ሥራ እዚህ የማቀርበው ስም «የጨረር ልኬት» ነው። ስሙ የሚጠቅመው ቋንቋ ለማሳመር ብቻ አይደለም፤ ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን እንደሚማር የሚወስነውም እሱ ይመስለኛል።

አሠራሩን ማየት ስሙን ለመመዘን ይረዳል። በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ የተተከለ መሣሪያ እየዞረ የሌዘር ጨረር ይልካል፤ ጨረሩ ግድግዳ ነክቶ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜም ይቆጥራል። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 15 ሜትር ርቆ ያለ ግድግዳ ደርሶ ለመመለስ የሰከንድ አንድ ዐሥር ሚሊዮንኛ ይበቃዋል። ከጊዜው ርቀቱ፣ ጨረሩ ከተላከበት ማዕዘን ደግሞ አቅጣጫው ይገኛል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ የአንዲት ነጥብ ቦታ ይታወቃል። መሣሪያው ይህን በሰከንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ነጥቦች ይደጋግመዋል። የሚሰበሰበውን ሁሉ «የነጥብ ደመና» ማለት ይቻላል። ግእዝ አማረኝ ብሎ «ነጥበ ደመና» የሚል ሰው ግን ነገሩን ገለበጠው፤ እንደ «ቤተ መጻሕፍት» ሁሉ በግእዝ ዋናው ቃል ስለሚቀድም ትርጉሙ «የደመና ነጥብ» ይሆንበታል። «የነጥብ መንጋ»ም ባልከፋ ነበር፤ መንጋ የሚለው ቃል በቅርብ ዓመታት ስሙ ባይጠፋ።

እንዲህ ከታየ ሥራው ከጫፍ እስከ ጫፍ መለካት ነው፤ ልኬት ደግሞ ለኪ አለው። መሣሪያው ከቆመበት የማይታየውን አይለካም። ከበረንዳ ምሰሶ ጀርባ ያለው ግድግዳ ባዶ ሆኖ ይቀራል፤ ተማሪው መሣሪያውን አንሥቶ ሌላ ቦታ መትከል፣ ከዚያም ሁለቱን ደመናዎች በጋራ ምልክቶቻቸው ማገጣጠም አለበት። የመስኮት መስታወት ጨረሩን ያሳልፈዋል ወይም ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመልሰዋል፤ ጥቁርና እርጥብ ገጽ ይውጠዋል። ከሁሉ በላይ ጨረሩ ከላይኛው ገጽ አያልፍም። በኖራ የተለሰነ የአራዳ ቤት ውስጡ ድንጋይ ይሁን ጭቃ፣ ዋልታና ማገሩ የት ጋ እንደበሰበሰ የነጥብ ደመናው አይናገርም። የት ልቁም፣ ነጥቦቹን ምን ያህል ላቀራርብ፣ ስሕተቱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው፣ ምንስ አመለጠኝ የሚሉት ጥያቄዎች የትምህርቱ እምብርት ናቸው። «ስካን» የሚለው ቃል ሥራውን ቁልፍ ተጭኖ የሚያልቅ ስለሚያስመስለው ጥያቄዎቹን ይሸፍናቸዋል።

አርኪዮሎጂ ሲባል በአማርኛ ቀድሞ የሚታሰበው ቁፋሮ ነው፤ ነገር ግን የቆመ ቤትም እንደ ምድር ሽፋን አለው። የተደፈነ በር፣ በኋላ የተቀጠለ ክፍል፣ ከሌላው ግድግዳ የወፈረ ግድግዳ ሁሉ ቤቱ መቼና እንዴት እንደተቀየረ ይመሰክራል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ተማሪዎች ለዚህ ሩቅ መሄድ አይጠበቅባቸውም፤ ከስድስት ኪሎ ቁልቁል አራዳ አለች። ጊዜ ግን አይጠብቅም። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ተጎድቷል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡሩ ሥራ ከቦታው ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ሰፊ የፒያሳ ክፍል ፈርሷል።

ልኬት ለክፉ ቀን እንደሚደርስ የታወቀው ምሳሌ የፓሪሱ ኖትር ዳም ነው። አንድሩ ታሎን የተባለ አሜሪካዊ የኪነ ሕንፃ ታሪክ መምህር እ.ኤ.አ. በ2010 ከ50 በሚበልጡ ቦታዎች እየቆመ ካቴድራሉን ለካ፤ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነጥቦች ሰበሰበ። በ2018 አረፈ፤ በ2019 ጣሪያው ተቃጠለ፤ ልኬቱም ለመልሶ ግንባታው ከረዱት መረጃዎች አንዱ ሆነ። ታሪኩ ሲወራ የሚዘነጋው ግን ታሎን ሥራውን ሲጀምር እሳትን አለማሰቡ ነው። ግንበኞቹ እንዴት እንደሠሩ፣ ሕንፃው ከቀጥታው መስመር የት እንደተዛነፈ ለማወቅ ነበር የለካው። ጥያቄ ስለነበረው ልኬቱ ጥሩ ሆነ።

በቤታችን ያለው ምሳሌ ድንቅነሽ ናት። አጥንቶቿ እ.ኤ.አ. በ2008 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ወደ ውስጥ ዘልቆ በሚያሳይ ኤክስሬይ ተለኩ፤ ከ35,000 በላይ የምስል ንጣፎች ተገኙ። በ2016 ተመራማሪዎቹ የስብራቱን ዓይነት አይተው ከዛፍ ወድቃ ሞተች አሉ። ድንቅነሽን ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰንና የቅሪተ አካል ተመራማሪው ቲም ዋይት ግን አልተቀበሉም፤ እንዲህ ያለ ስብራት አጥንት በደለል ሥር ሲቆይም የሚመጣ ነው ብለው ተከራከሩ። የተወሰኑ አጥንቶቿ የሦስት አውታር ፋይል በኢትዮጵያ ፈቃድ ለሕዝብ መለቀቁም ማንም እንዲፈትሸው በር ከፈተ። ልኬቱ አንድ፣ ንባቡ ሁለት። ቅጂ ነው ቢባል ኖሮ ክርክሩ ግራ ያጋባ ነበር፤ ልኬት ከሆነ ግን መከራከሩ ተፈጥሯዊ ነው።

በስሙ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ጨረር ያስፈራል የሚል ነው፤ «የጨረር ሕክምና» ሲባል የሚታሰበው ካንሰር ነውና። ቃሉ ግን ከሆስፒታል በፊት የፀሐይ ነበር፤ «የፀሐይ ጨረር» ማንንም አያስደነግጥም። «የብርሃን ልኬት» ቢባል ደግሞ ፎቶ አንሺ የብርሃንን መጠን የሚለካበት ይመስላል። «ቅየሳ»ም ቀርቦ ነበር፤ ከቀላድ ዘመን ጀምሮ ከመሬት ጋር ስለተጣበቀ ለአጥንትና ለጽዋ አይመችም።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። መሣሪያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል፤ አንድ የትምህርት ክፍል ገዝቶ ቢያበላሸው ጠጋኙም ሩቅ ነው። እዚህ ላይ እህቱ ትደርሳለች፦ አንዱን ግድግዳ ከብዙ አቅጣጫ እየተደራረበ በተነሣ ፎቶ መለካት፣ እሱም «የፎቶ ልኬት» ይባል። ካሜራ፣ ኮምፒዩተርና ልኩ የታወቀ ዘንግ ይበቃል፤ ዘንጉ ከተረሳ ግን የቤቱ ቅርጽ ተገኝቶ መጠኑ ይጠፋል። ከዚህ ስሕተት የሚገኘው ትምህርት ውድ ከሆነው መሣሪያ አያንስም።

ከባዱ ተቃውሞ ሦስተኛው ነው፤ «ለክተነዋል፣ እንግዲህ ይፍረስ» ለሚል ሰው ሰበብ እናቀብላለን ይላል። ስጋቱን አቃልዬ አላየውም፤ እንዲያውም ስለ ስም የምጨነቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ልብስ ሰፊ ልክህን ወሰደ ማለት ለበስህ ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የልብሱን ልክ ይዞ ልብሱን የሚያቃጥል የለም። «ዲጂታል ቅጂ» የሚለው አነጋገር ግን ማኅተም ያረፈበትን ኮፒ ያስታውሳል፣ ዋናውን ለመጣልም ያደፋፍራል። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚጠብቀው ቅርሱን ራሱን ነው። እውነት ነው፣ በስም ለውጥ ብቻ ዶዘር አይቆምም፤ ነገር ግን የሚፈርደው ሹም ፊት የሚቀርበው ሰነድ «ልኬት» ከተባለ የጎደለውንም አብሮ መዘርዘር ግድ ይላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው የልምምድ ቀን እንዲህ ቢሆን እላለሁ። አንድ የአራዳ አሮጌ በር ይመረጥ። አንዱ ቡድን በሜትርና በእርሳስ፣ ሌላው በፎቶ፣ ሦስተኛው በጨረር ይለካው። የሚገኙት ሦስት ቁጥሮች ልክ በልክ አይገጥሙም፤ መቃኑ ተጣሟል፣ የቀለሙ ድርብርብ ወፍሯል፣ ሜትሩ ረግቧል። ተማሪዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ልዩነቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነና ከየት እንደመጣ፣ እዚያው በሩ ሥር ቆመው ይጻፉ።