የጊዜ ገደብና የረጅም ሥራ ዕጣ፦ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ጋፋት፣ ዳግማዊ ዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ ማቅለጫ ያቋቋሙበት ስፍራ በመሆኑ በአገራችን የምሕንድስና ታሪክ ውስጥ ስሙ ሲነሣ ይኖራል። ስለ ምድጃዎቹና ሴባስቶፖል ስለተባለው ታላቅ መድፍ ብዙ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ከዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ እስካሁን እምብዛም ያልተመረመረ አንድ የሙያ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ረጅም ጊዜ የሚወስድ ሥራ እስከ መቼ ይጠበቃል፣ ጊዜው ሲያልፍስ ምን ይደረጋል የሚለው ነው። የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚጽፍ መሐንዲስ ዕለት ተዕለት የሚገጥመው ይህ ጥያቄ፣ ኮምፒዩተር ከመፈልሰፉ በፊት በሰው ሕይወት ተፈትኗል።

ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጽፈው በቆንስሉ በካሜሮን በኩል ላኩ። ደብዳቤው በየካቲት ወር ለንደን ቢደርስም የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ መልስ ሳይሰጥበት አስቀመጠው። ወራት አለፉ። መልእክቱ በመንገድ ጠፍቶ ይሆን፣ ገና እየተመረመረ ይሆን፣ ወይስ ሆን ተብሎ ተንቆ ይሆን? ዝምታው ለሦስቱም አንድ ዓይነት ነበርና ከኢትዮጵያ ሆኖ መለየት አይቻልም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ እንደ ንቀት ቆጠሩት፤ ሌሎች ቅሬታዎችም ተጨምረውበት ካሜሮን በታኅሣሥ 1856 ዓ.ም. ታሰረ።

የንግሥቲቱ መልስ የተጻፈው ከዚያ በኋላ በግንቦት ወር ነው። መልሱን የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም በሐምሌ ምጽዋ ደረሰ፤ ወደ መሀል አገር የመግባት ፈቃድ ሲጠብቅ ግን ከአንድ ዓመት በላይ እዚያው ተቀመጠ። ከንጉሠ ነገሥቱ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነበር። አንዱ ጥበቃ በሌላው ጥበቃ ውስጥ ተሸሽጎ ከሦስት ዓመት በላይ ፈጀ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በሚያዝያ 1858 ዓ.ም. ራሳምና ጓደኞቹ ታሰሩ፤ ሚስዮናዊው ፍላድም የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች እንዲላኩ የሚጠይቅ መልእክት ይዞ ወደ ለንደን ሄደ። ባለሙያዎቹ እስከ ምጽዋ መጡ፤ እስረኞቹ ሳይለቀቁ ግን ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ ደግሞ ባለሙያዎቹ ሳይመጡ እስረኞቹን አልለቀቁም። ሁለት ወገኖች እያንዳንዳቸው የሌላውን እርምጃ ሲጠብቁ ሁለቱም ቆሙ። ፕሮግራም ጸሐፊዎች ይህን ሁኔታ ዴድሎክ ይሉታል፤ ከተፈጠረ በኋላ በራሱ የማይፈታ፣ አንዱ ወገን ጥበቃውን ካልተወ በቀር ማለቂያ የሌለው ቁልፍልፍ ነው።

እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1936 እንዳረጋገጠው፣ አንድ ፕሮግራም ይጨርስ ወይም ለዘለዓለም ይሮጥ እንደሆነ ለማንኛውም ፕሮግራም አስቀድሞ የሚለይ አጠቃላይ ዘዴ የለም። ስለዚህ ገደቡ ከሥራው ውስጥ አይፈልቅም፤ ከውጭ ሊሰጠው ይገባል። በሙያው ታይምአውት የሚባለው ይህ ነው። ይሁን እንጂ ጊዜው ያለፈበት ጥያቄ ሁሉ ያልተፈጸመ ጥያቄ አይደለም። ገንዘብ እንዲተላለፍ የጠየቀ ፕሮግራም መልስ ሳያገኝ ጊዜው ቢያልፍ፣ ገንዘቡ ተላልፎ መልሱ ብቻ በመንገድ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሳያጣራ ጥያቄውን ቢደግም የደንበኛው ሒሳብ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል። ስለሆነም ለእያንዳንዱ ጥያቄ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው መልእክት የመጀመሪያው ድጋሚ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ገደቡም ከላኪው እስከ መጨረሻው ተቀባይ አብሮ መጓዝ አለበት። ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ2016 ኮንቴክስት የሚባለውን ክፍል ወደ መደበኛ ቤተ መጻሕፍቱ ያስገባው ለዚህ ነው፤ አንዱ ተግባር ሌላውን ሲጠራ የቀረውን ጊዜ ያስረክበዋል። ምጽዋ ላይ የተቀመጠው መልእክተኛ ግን ከላዩ ያለው ትዕግሥት መቼ እንደሚያልቅ የሚነግረው አልነበረም።

እንግሊዝ በነሐሴ 1859 ዓ.ም. ጦር ለመላክ ወሰነች። ከዚህ በኋላ ሰዓቱን የሚቈጥረው ሌላ ወገን ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን በሠረገላ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚገመተውን ሴባስቶፖልን በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ይጎትቱት ነበር። መንገድ ስላልነበረ መንገዱም አብሮ ይሠራ ጀመር፤ ድንጋዩ በባሩድ ይፈነቀላል፣ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሣሉ። በጨጨሆ አልፈው፣ በዋድላና በደላንታ መካከል ያለውን ጥልቅ ሸለቆ ወርደውና ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው በመጋቢት ወር ከመቅደላ ግርጌ ሰላምጌ ደረሱ። ጉዞው ስድስት ወር ለመሙላት ጥቂት ቀረው። በታኅሣሥ ዙላ የወረደው ጄኔራል ናፒየር ደግሞ ወደ 640 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በሚያዝያ መጀመሪያ መጣ።

እንግዲህ መድፉ ከጠላት ቀድሞ ደርሷል፤ የመሐንዲስነቱ ሥራ በገደቡ ውስጥ ተጠናቋል። ሆኖም ሚያዝያ 3 ቀን እሮጌ ላይ በተደረገው ጦርነት ሴባስቶፖል ውጤቱን አልለወጠም። ዋድላ ላይ የደረሰው የእንግሊዝ ጦርም ለመድፉ የተጠረገውን መንገድ ተከትሎ ሸለቆዎቹን ተሻገረ። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ ተያዘች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አሳለፉ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ገደብ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም የሚል ነው። ረጅም ሥራ በየመካከሉ ቆሞ «አሁንም ለዓላማው ይጠቅማልን?» ብሎ የሚጠይቅበት ስፍራ፣ መልሱ አሉታ ቢሆንም ያለ ጥፋት የሚመለስበት መንገድ ያስፈልገዋል። ደብረ ታቦር ከተቃጠለች በኋላ መመለሻ አልነበረም። የጃቫ ቋንቋ አዘጋጆች አንድን ሥራ በድንገት የሚገድለውን ትእዛዝ እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው እትም እንዳይሠራበት የመከሩት፣ የተቋረጠው ሥራ መረጃውን እንደተበላሸ ትቶት ስለሚሄድ ነው። ዛሬ የሚመረጠው፣ ሥራው ራሱ በየደረጃው የማቆሚያ ምልክት እንዲመለከትና የጀመረውን አስተካክሎ እንዲቆም ነው።

ሴባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ግርጌ ተቀምጧል። የባለሙያዎቹን ችሎታና የጎታቾቹን ብርታት ይመሰክራል። ዛሬ ፕሮግራም የሚጽፍ ባለሙያም ጥያቄ ከመላኩ በፊት ሦስት ነገሮችን ወስኖ መጻፍ ይገባዋል፤ እስከ መቼ እንደሚጠብቅ፣ ጊዜው ሲያልፍ ምን እንደሚያደርግ፣ ዝምታንም ከእምቢታ በምን እንደሚለይ። እነዚህ ሳይወሰኑ ሲቀሩ ዝምታው ራሱ ውሳኔ ይሆናል።