ጓያና የእግር ነርቭ፦ ከአንድ የክፍል ጥያቄ የተነሳ ታሪክ

በሥነ ሕይወት ክፍለ ጊዜ ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ሥርዓት እያስተማርን ሳለ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። ከደምቢያ የመጣ ልጅ ነው። «ቲቸር፣ አጎቴ ሁለት ምርኩዝ ይዞ ነው የሚሄደው። ጓያ ሰብሮት ነው ይላሉ። ግን ዳዊት ይደግማል፣ ሰው ያስታርቃል፣ ያበደረውንም አንድ ቀን ረስቶ አያውቅም። ሁሉን የሚያዘው አንጎል ነው ካሉን፣ አንጎሉ ደህና ሆኖ ሳለ እግሩ ለምን አይታዘዘውም?» አለን። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን አልሳቅንም፤ ምክንያቱም በዚያች ሰዓት ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረንም። ደወሉ ነው ያዳነን። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ያገኘነው መልስ ነው። መልሱን ስንፈልግ ከሥነ ሕይወት አልፈን ታሪክ ውስጥ ገባን። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ የትእዛዙን መንገድ እንወቅ። የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በላይኛው ሽፋኑ ላይ ከአንዱ ጆሮ አቅጣጫ ወደ ሌላው የተዘረጋ፣ ቀጭን ቀበቶ የመሰለ ክፍል አለ። እንቅስቃሴን የሚያዘው እሱ ነው። የፊት፣ የእጅ፣ የእግር ተብሎ እንደ ቀበሌ የተከፋፈለ ሲሆን የእግር ድርሻ አናት ላይ፣ ሁለቱ የአንጎል ግማሾች በሚገናኙበት ስንጥቅ ውስጥ ይገኛል። እዚያ ያለው የነርቭ ሴል ረጅም ክር ይልካል። አብዛኛው ክር አንጎል ግርጌ ላይ ሲደርስ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራል (የግራ አንጎል ቀኝ እግርን የሚያዘው ለዚህ ነው)። ከዚያም በህብለ ሰረሰር ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ወገብ አካባቢ ላለው ሁለተኛ ሴል መልእክቱን ያቀብላል። ጡንቻውን የሚያንቀሳቅሰው ይህ ሁለተኛው ሴል ነው። ስለዚህ «ተራመድ» የሚለው ትእዛዝ የሚደርሰው በሁለት መልእክተኞች ቅብብል ነው። ለእግር የተላከው የመጀመሪያው ክር ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል።

ከሁለቱ መልእክተኞች የትኛው እንደተጎዳ ከሰውየው አረማመድ መለየት ይቻላል። ፖሊዮ የሚገድለው ሁለተኛውን ነው፤ ጡንቻው ትእዛዝ ያጣና ይልፈሰፈሳል፣ እየቀጠነም ይሄዳል። ጓያ ግን የሚመታው የመጀመሪያውን ነው። የመጀመሪያው ሴል ማዘዝ ብቻ ሳይሆን ሁለተኛውን በልጓም የመያዝ ሥራም አለው። ልጓሙ ሲላላ ሁለተኛው ሴል ያለ ከልካይ ጡንቻውን ይወጥረዋል። በመሆኑም ጭንና ጭን ይጣበቃል፣ ባት ይኮማተራል፣ ተረከዝ ከመሬት ይነሳል። ሰውየው በጣቶቹ እየረገጠ፣ እግሮቹን እንደ መቀስ እያጠላለፈ ይሄዳል። ጉዳቱ ከበድ ያለበት አንድ ምርኩዝ ይይዛል፣ የባሰበት ሁለት፣ ከዚያ የባሰበት ደግሞ ይድሃል። ማሰቢያው፣ መናገሪያውና የመዳሰስ ስሜቱ ግን ይተርፋሉ። የተማሪያችን አጎት ዳዊት መድገሙ ከእግሩ ጋር የሚጋጭ ነገር አይደለም፤ የዳዊቱ ሴሎች ሌላ ቀበሌ ናቸው።

ጉዳቱን የሚያደርሰው በፍሬው ውስጥ ያለ፣ በአጭሩ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሕንድ ተመራማሪዎች በ1964 ለይተው አወጡት። የነርቭ ሴሎች ከሚነጋገሩባቸው ኬሚካሎች አንዱ ግሉታሜት ይባላል፤ ኦዳፕ ደግሞ እሱን ይመስላል። በተመሳሳይ ቁልፍ እንደሚገባ ሌባ የሴሉን በር ይከፍታል፣ ሴሉም ያለ ዕረፍት ተነቃቅቶ ተነቃቅቶ በመጨረሻ ይሞታል። ይሁን እንጂ አልፎ አልፎ የጓያ ሽሮ የበላ ሰው አይሰበርም። አደጋው የሚመጣው ጓያ ለወራት የምግቡን ሲሶ ወይም ከዚያ በላይ ሲይዝ ነው። የሞተው ሴል ስለማይተካ፣ ጓያ መብላት ሲቆም ሕመሙ መባባሱን ያቆማል እንጂ እግር ወደ ነበረበት አይመለስም። የሚያድን መድኃኒትም የለውም።

ይህ ነገር የደምቢያ ብቻ መስሎን ነበር። የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ሂፖክራጥስ ስም ባላቸው ጽሑፎች ውስጥ ጥራጥሬ ብቻ እየበሉ እግራቸው የደከመ ሰዎች ተጠቅሰዋል። በ1671 በጀርመን አገር የቩርተምበርግ መስፍን ከጓያ ዱቄት ዳቦ እንዳይጋገር ከለከለ። በ1811 እና 1812 ማድሪድ በጦርነት ምክንያት ስትራብ ሕዝቡ የጓያ ገንፎ በላ። ሰዓሊው ጎያ (ስሙ ከእህሉ ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነገር ነው) ያንን ጊዜ ሲሥል መነሳት ያቃታት ሴት መሬት ላይ አስተኝቶ አሳይቷል። በ1873 አንድ ጣሊያናዊ ሐኪም ለበሽታው ላቲሪዝም የሚል ስም ሰጠው። ሕንድ ደግሞ በ1961 ጓያ እንዳይሸጥ አገደች፤ ድሃው ገበሬ ግን ማብቀሉን አልተወም፤ ምን አማራጭ ነበረው?

ከሁሉም በላይ ያስደነገጠን የቫፕኒያርካ ካምፕ ታሪክ ነው። ቦታው ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ሲሆን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሮማኒያ ሥር ነበር። በ1942 መስከረም ላይ ከሺህ የሚበልጡ አይሁዳውያን እዚያ ታሰሩ። የዕለት ራሽናቸው ለከብት መኖ የሚሆን ጓያ፣ ለአንድ ሰው 400 ግራም፣ ከትንሽ የገብስ ዳቦ ጋር ነበር። ታኅሣሥ ሲያልቅ የእግር መተሳሰር ተጀመረ፤ በሳምንታት ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰበሩ። ከእስረኞቹ መካከል አርተር ኬስለር የሚባል ሐኪም ነበር። ላቦራቶሪ የለው፣ መጽሐፍ የለው፤ የበሽተኞቹን አረማመድና ሁሉም የሚበሉትን ምግብ አይቶ ምክንያቱ ጓያው መሆኑን ለየ። እስረኞቹም ጓያውን አንበላም አሉ፣ ተቃውሞውም በ1943 መጀመሪያ ላይ ምግቡን አስቀየረ። ለብዙዎች ግን ረፍዶ ነበር። ኬስለር ከጦርነቱ ተርፎ፣ ኋላም እስራኤል ገብቶ፣ የተረፉትን ሲያክም ኖረ። እኛ ሼክ ኑር የምንኖር ሰዎች ይህን ታሪክ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። በ1988 ወደ ሐርታ ሼክ ተሰደው የተመለሱ ሶማሌ ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ። የሰጡህን ብቻ መብላት ምን እንደሆነ በራሽን ሰልፍ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጓያ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፣ ውሃ አቁሮ በቆየ ዋልካ መሬት ላይ ነው። ድርቁንም ረግረጉንም ይችላል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ሌላው እህል ሲከዳ የማይከዳው እሱ ነው፤ መከራውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። በ1976 እና 1977 በደምቢያ የሰባሪው በሽታ ወረርሽኝ ተነሳ። ከዚያም የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በደምቢያና በፎገራ ከቤት ቤት እየዞሩ ሕመምተኞችን ቆጠሩ፤ ጥናቱ በ1990 ታተመ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ በሰሜን ወሎ ደላንታ ዳውንት ከድርቅ በኋላ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ተሰበሩ። ይህንንም ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቻቸው በ1999 ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ለዓለም አሳወቁ። ብዙዎቹ ወጣት ወንዶች ነበሩ፤ ማለትም አራሾቹ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «ገበሬው ባለማወቁ ነው» ይላል። አንስማማም። ጓያ እንደሚሰብር ገበሬው ከሐኪሞቹ በፊት ያውቅ ነበር፤ «ጓያ ሰበረው» የሚለውን አባባል ላቦራቶሪ አላወጣውም። የተሳሳተው መንገዱ ላይ ነው። የሚሰብረው ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ነው፣ ወይም ገለባውን መርገጥ ነው የሚሉ ነበሩ፤ እንፋሎቱን ሸሽተው ንፍሮውን በሉ። በወሎ የተደረጉት ጥናቶች እንዳሳዩት አደጋው የበዛው በቆሎ፣ በንፍሮና በእሸት መልክ በሚበሉት ላይ ነው። ከሌላ እህል ጋር የቀላቀሉትና ሽንኩርትና ዝንጅብል በገባበት ወጥ የበሉት ግን የተሻለ ተርፈዋል። ጓያን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሳል። ግን እስቲ እናስበው፣ በረሃብ ዘመን የሚቀላቀለው እህል ከየት ይመጣል? ውሃ በጀሪካን የሚገዛ ሰው ያንን ውሃ ሲደፋ ምን ይሰማዋል? ደብረ ዘይት የሚገኘው የግብርና ምርምር ማዕከል በ2006 ዋሴ የተባለ መርዙ አነስተኛ የሆነ ዝርያ ለገበሬው አቅርቧል። ጥሩ ሥራ ነው፤ ይሁን እንጂ የኦዳፕ መጠን በድርቅ ጊዜ ስለሚጨምር ነገሩ በዘር ብቻ የሚያልቅ አይደለም።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ይህን ሁሉ አስረዳን። ተማሪው ዝም ብሎ ሰማ፣ ከክፍል ስንወጣ ግን ተከተለን። የጠየቀው ለፈተና አልነበረም። የአጎቱን ልጅ ያጫት ወገን «የሰባራ ዘር ናት፣ ልጆቿም ይሰበራሉ» ብሎ እጮኝነቱን ሊያፈርስ ነው አሉ። «እውነት በዘር ይተላለፋል እንዴ ቲቸር?» አለን። አይተላለፍም፤ ከአባት ወደ ልጅም፣ ከባል ወደ ሚስትም አይተላለፍም፤ ከድስት ወደ በላተኛው ብቻ ነው የሚሄደው አልነው። «እንደዚህ አድርገው ይጻፉልኝ፣ ስልክ ስደውል ለሽማግሌዎቹ አነብላቸዋለሁ» አለ። ከደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ቀዶ ሰጠን፤ እዚያው በሩ ላይ ቆመን ጻፍንለት።