የሰው ሠራሽ እግር ታሪክ

እግሩን ያጣውን ሰው አቁሞ ማራመድ እጅግ ጥንታዊ ሐሳብ ነው። በግብፅ አገር በሉክሶር አጠገብ ከአንዲት ሴት መቃብር የተገኘው ፥ ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራው የእግር አውራ ጣት ዕድሜው ከ2700 ዓመት ይበልጣል። በ16ኛው ክፍለ ዘመንም የፈረንሳይ ነገሥታት ሐኪም የነበረው አምብርዋዝ ፓሬ ሲቆሙ የሚቈለፍ ፥ ሲቀመጡ የሚታጠፍ ጉልበት ያለው እግር ነደፈ። ነገር ግን ብዙው ሕዝብ ከዚያም በኋላ ለረዥም ዘመን በማይታጠፍ የእንጨት እግር ሲያነክስ ኖረ።

እኛን ተማሪዎችን ይልቁን የሚያስደንቀን የአሜሪካዊው የጄምስ ሃንገር ታሪክ ነው። ሃንገር በ1861 እ.ኤ.አ. ትምህርቱን ትቶ ከደቡብ ጦር ጋር ተሰለፈ፤ ወዲያውም በ18 ዓመቱ የመድፍ ጥይት አንድ እግሩን አሳጣው። የተሰጠው ምትክ ግትር እንጨት ስለ ነበረ ፥ ወደ ቤቱ ተመልሶ ለወራት በክፍሉ ተዘጋ። በዚያም የበርሜል ጣውላ እየጠረበ በጉልበትና በቍርጭምጭሚት የሚታጠፍ እግር ሠርቶ እየተራመደ ወጣ። የተዋጋለት ወገን ባርነትን የሚጠብቅ ስለ ነበረ ዓላማውን አናመሰግንም፤ የእጁ ሥራ ግን የብዙ አካለ ጎደሎዎችን ሸክም አቀለለ።

ይሁን እንጂ ለአንዱ አገር የተመቸ እግር ለሌላው ላይመች ይችላል። ከውጭ አገር የመጣው እግር ጫማ የሚሻና የማይተጣጠፍ ስለ ሆነ ፥ በባዶ እግሩ በእርሻ ውሃ ውስጥ ለሚሠራውና መሬት ላይ ቍጢጥ ለሚለው ለህንድ ገበሬ አልሆነውም። ስለዚህ በ1968 እ.ኤ.አ. በጃይፑር ከተማ የእጅ ባለሙያው ራም ቻንደር ሻርማና ሐኪሙ ፕራሞድ ካራን ሴቲ ተባብረው ከጎማና ከእንጨት ርካሽ እግር ሠሩ። ይህ እግር ያለ ጫማ ይሄዳል ፥ ውሃም አይጎዳውም ፥ በእርሱም ቍጢጥ ማለት ይቻላል።

ክቡራን አንባብያን ሆይ ፥ ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ሃንገር ሥቃዩን በራሱ አካል ያውቅ ነበር፤ የጃይፑር ሰዎችም የገበሬውን ኑሮ ተመለከቱ። በአገራችንም በጭቃ የሚያርስ ፥ ዳገት የሚወጣ ፥ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የሚሰግድ ወገን አለን። ነገ ከመካከላችን ሐኪም ወይም መሐንዲስ የሚሆነው ሰው እግር ከመንደፉ በፊት ባለቤቱን «ወዴት ትሄድበታለህ?» ብሎ ይጠይቅ።