አምስት ቀን ያጠረው ውል

«ተረት ተረት» ብዬ ብጀምር «የላም በረት» ትሉኛላችሁ። በቦረና ምድር ግን የላም በረት ቀልድ አይደለም፤ ሰው የሚታወቀው በበረቱ ነው። ለማንኛውም የዛሬው ወሬዬ ስለ ላም አይደለም። ስለተሸጠ አንድ ቤትና ስለተገዛ ሌላ ቤት፣ በሁለቱም መካከል ስለጎደሉት አምስት ቀናት ነው። ሰውየውንና ሚስቱን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ቀኖቹንና ሕጉን ግን አልፈጠርኩም፤ የሚጠራጠር ካለ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ አውርዶ አብሮኝ ይቁጠር።

ሰውየው የኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሰው ነው። ሚስቱ የቦሪ ልጅ ናት፤ በኬንያ በኩል፣ በማርሳቢት ካውንቲ፣ ከኬንያዋ ሞያሌ አካባቢ። ተጋብተው የኖሩት በእሱ በኩል ነው። መጋቢት 1 ቀን 2010 ዓ.ም በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሲቪሎች በወታደሮች ጥይት ሲገደሉ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ድንበሩን ተሻግሮ በሶሎሎና በኬንያዋ ሞያሌ አካባቢ ተጠለለ። እሷም አንዱን ልጅ አዝላ፣ ሌላውን በእጇ ጎትታ ከተሻገሩት አንዷ ነበረች በሉ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ግጭቱ በኬንያዋ ሞያሌ በነበረ ጊዜ ደግሞ ሰው የሚሸሸው ወደ ኢትዮጵያ ነበር። ይህች ከተማ እንዲህ ናት፤ ተራ በተራ ታስጠልላለች፣ ተራ በተራ ታባርራለች።

ሲረጋጋ ተመለሱ። እሷ ግን ልቧ አልተመለሰም። «የልጆቼ አባት፣ ሁለተኛ በሌሊት አልሮጥም። ቤቱን ሸጠን በቀን እንሂድ» አለችው። እሺ እስኪላት ስድስት ዓመት ፈጀበት።

ቦሪ ላይ ቤት ልግዛ ለሚል ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ዋጋው አይደለም፤ መሬቱ የማን ነው ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 65 የውጭ ዜጋ መሬት የሚይዘው በኪራይ ብቻ፣ ያውም ከ99 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ገዢዋ እሷ መሆን አለባት፤ የኬንያ መታወቂያ ያላት እሷ ናት። ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል፤ መሬቱ የግል ነው ወይስ የማኅበረሰብ? እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2016 የወጣው የማኅበረሰብ መሬት ሕግ ያልተመዘገበውን የጋራ መሬት ለካውንቲው መንግሥት በአደራ ሰጥቶታል፤ አደራ ደግሞ አይሸጥም። ከተመዘገበ በኋላም ለሌላ ለማስተላለፍ የአባላቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ቆሞ «በሦስት ወር ጨርሱልኝ» የሚል ገዢ የሚጨርሰው ገንዘቡን ነው። እኔ ተራኪው ስለሆንኩ ለእሷ የግል ካርታ ያለው ቦታ ሰጠኋት። ሻጩም የአባቷ ወገን ነው።

እንግዲህ ቀኑ ሰኔ 17፣ 2016 ዓ.ም፣ ሰኞ ነው። ጠዋት በኢትዮጵያ በኩል ሸጡ። መሬት አይሸጥምና የተሸጠው ቤቱ ነው። የጋራ ቤት ያለ ሚስት ፊርማ አይሄድምና እሷም ፈረመች። ዋጋው 2 ሚሊዮን ብር፣ ቀብዱ 200 ሺህ። ገዢው ወጣት ነጋዴ ነው። «ጋሼ፣ ቀሪውን በሦስት ወር። እቁቤ መስከረም 15 ይደርሰኛል፤ ከመስቀል አያልፍም» አለ። ውሉም እንደዚያው ተጻፈ፤ ሦስት ወር፣ እስከ መስከረም 17።

ከሰዓት በኋላ ድንበሩን ተሻገሩ። መሻገሩስ ቀሏል፤ የጋራው የድንበር ጣቢያ በ2013 ዓ.ም በይፋ ከተመረቀ ወዲህ የሁለቱ አገር ሹማምንት አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ጠበቃው የቀጠራቸው «ሳ ቲሳ» ብሎ ነው። ሳ ቲሳ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው፤ ስዋሂሊ እንደኛው ሰዓቱን የሚቆጥረው ከንጋት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ብለው መጡ፣ በዘጠኝ ሰዓት አገኙት። ሰዓቱ ስለተስማማ ቀኑም የሚስማማ መሰላቸው። በኬንያ ጠበቆች ዘንድ እንደተለመደው 10 በመቶ ከፈሉ፣ ቀሪውን በ90 ቀን ሊከፍሉ ፈረሙ። ሰውየው እየወጣ «ሦስት ወር ያው ዘጠና ቀን ነው» አላት።

በዓመቱ አብዛኛው ክፍል እውነቱን ነው። የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ነው፤ ሦስቱ ሲደመሩ ዘጠና። በሰኔ ውል የፈረመ ሰው ላይ ግን አንዲት ነገር መሀል ትገባለች።

ያቺ ነገር ከመምጣቷ በፊት ግን ሐምሌ 22 መጣ። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። ከ57 ብር ትንሽ ከፍ ብሎ የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት በንግድ ባንክ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ሆነ፤ ነሐሴ ሳይጋመስ መቶን አለፈ። የሞያሌ ሰው «እኛ ዘንድ ብሩ ከባንኩ ቀድሞ ነው የወደቀ» ይላችኋል፤ ልክ ነው፣ የጥቁር ገበያው ዋጋ ቀድሞ ሄዷል። ቢሆንም እንዲህ ባለ ሰሞን ነገ ምን እንደሚሆን ቆርጦ የሚነግራችሁ ሰው የለም። በብር ሸጦ በሺሊንግ የሚገዛ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው ያኔ ነው።

ሰውየውም አጣ። አንድ ሌሊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ቁጭ አለ። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1885 ለእንዲህ ያለው ሌሊት የተጻፈ ይመስላል፤ በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ ቀብድ የሰጠ ቀብዱን ትቶ መውጣት ይችላል፣ ቀብድ የተቀበለም እጥፉን መልሶ መውጣት ይችላል። 200 ሺህ ተቀብሏል፤ 400 ሺህ መልሶ ቤቱን ማስቀረትና በአዲሱ ዋጋ መሸጥ ይቻላል። ቤቱ በብር ሲለካ ይወደዳል እንጂ አይረክስም። እዚያ ማዶ የከፈሉት 10 በመቶ ግን ይቀልጣል። ደመረ፣ ቀነሰ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያሰላሁ።»

«እኔን ስንት አወጣኸኝ?» አለችው። ወረቀቱን አጠፈው። እኔ በበኩሌ ፈረደችበት ብዬ አላምንም፤ ስሌቱም እኮ ስህተት አልነበረም።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ቦሪ ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ወንድሟ ስልኩን ከፍቶ «ዘጠናኛው ቀን ሴፕቴምበር 22 ነው፤ እሁድ ነው» አላት። በጣቷ ቆጠረች። ሴፕቴምበር 22 መስከረም 12 ነው። የቤታቸው ገንዘብ የሚመጣው መስከረም 17። ደግማ ቆጠረች። በመሀል የተቀመጠችው ጳጉሜ ናት፤ ደመወዝ የማይከፈልባት፣ የቤት ኪራይ የማይጠየቅባት፣ እኛ ዘንድ እንደሌለች የምትቆጠረው ጳጉሜ። ጠበቃው ዘንድ ግን እያንዳንዷ ቀን ተቆጥራለች። አምስት ቀን አጠራቸው። የኛም ቀን ቢሆን የሚያስቅ ነው፤ መስከረም 17 መስቀል ነው፣ ባንክ ዝግ ነው። የእነሱ ቀን እሁድ፣ የእኛ ቀን በዓል።

ባልየው ነጋዴውን ለመነው። «ጋሼ፣ እቁቡን እኔ አላዘው» አለው ልጁ። እሱም እውነት አለው።

«እንግዲህ ቀኑ ቢያልፍም ወዲያው አያፈርሱብንም» አለ ባልየው። በተለመደው የኬንያ ውል ቀኑ ያለፈበት ሰው መጀመሪያ የ21 ቀን ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ውሉ የሚፈርሰው። ሃያ አንድ ቀን ለአምስት ቀን ከበቂም በላይ ነው። እሷ ግን «ከአባቴ ወገን ማስጠንቀቂያ ተቀብዬ እዚያ ግቢ አልገባም» አለች።

ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደች። ቡና ቀላ ቀረበ፤ በቅቤ የተጠበሰው የቦረና ቡና። ነገሩን ተናገረች። አንዱ አዛውንት ቀኑ በየትኛው አያና እንደሚውል ጠየቁ፤ ቦረና ለቀኖቹ 27 ስሞች አሉት፣ የሚያውቁትም ቀን ቆጣሪዎቹ አያንቱዎች ናቸው። እንግዲህ ቆጠራው ሦስት ሆነ። ሻጩ ዝም ብሎ ሲያዳምጥ ቆይቶ «ዝናብ ስንት ጊዜ ዘግይቶብናል፤ አምስት ቀን ምንድን ነው?» አለ። ጉዳዩ በሽማግሌ አለቀ።

በጠበቃው ዘንድ ግን አላለቀም። ጠበቃው የቡና ቀላ ቃል አይበቃኝም፣ ማራዘሚያው በጽሑፍ ይሁን፣ ሻጭም ገዢም ይፈርሙ አለ። ትክክል ነው። የቴምብር ቀረጡም ቢሆን ይጠብቃቸዋል፤ በኬንያ በከተማ 4 በመቶ፣ በገጠር 2 በመቶ ነው፣ ያም የራሱ ቀን አለው። አዲሱ ቀን ሴፕቴምበር 30፣ ሰኞ እንዲሆን ተስማሙ። ብሩ በምን መንገድ ሺሊንግ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ድንበር ላይ ያደገ ሰው ይህን አይጠይቅም።

መስከረም 16፣ በደመራው ዕለት፣ ነጋዴው ገንዘቡን ጨርሶ ቁልፉን ተረከበ። ባልና ሚስቱ ፍራሽና ድስታቸውን ጭነው ቦሪ ወንድሟ ቤት አራት ሌሊት አደሩ።

ሰኞ ጠዋት ሳ ታቱ ላይ፣ ማለትም በሦስት ሰዓት፣ ጠበቃው ቢሮ ተገኙ። ጠበቃው ቀኑን ጻፈ፤ ሴፕቴምበር 30፣ 2024። እሷ እስክሪብቶውን ከማንሳቷ በፊት «አጠገቡ መስከረም 20፣ 2017 ብለህ ጻፍልኝ» አለችው።

«እማማ፣ ለውሉ አያስፈልግም» አላት።

«ለእኔ ያስፈልገኛል።»

ጻፈላት፤ ፈረመች።