ተልኮ የደረሰና ተልኮ የቀረ፦ የኢንተርኔት መደብሮች የፑሽ መልእክት ታሪክ

በኢንተርኔት የሚነግድ መደብር፣ ደንበኛው ገጹን ዘግቶ ከሄደ በኋላ የዋጋ ቅናሽንም ሆነ የአዲስ ዕቃን መግባት የሚያስታውቀው ለብዙ ጊዜ በኢሜይልና በስልክ አጭር መልእክት ነበር። አፕል ኩባንያ በ2009 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለስልክ ፕሮግራሞች የከፈተው የፑሽ አገልግሎት ሌላ ሥርዓት አስከተለ፤ ይኸውም እያንዳንዱ ፕሮግራም «መልእክት መጣ ወይ» እያለ ደጅ መጥናቱ ቀርቶ፣ ስልኩ ከአንድ ማእከል ጋር ብቻ መስመር ከፍቶ እንዲጠባበቅ ማድረግ ነው። ይኸው ዕድል ለድረ ገጾች በሰፊው የተዳረሰው ክሮም በ2015፣ ፋየርፎክስም በ2016 ሥርዓቱን በተቀበሉ ጊዜ ነው።

አሠራሩ ከፖስታ ቤት ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ደንበኛው ሲፈቅድ ብራውዘሩ ለመደብሩ አንድ ልዩ አድራሻ ይሰጠዋል። መደብሩ መልእክቱን ወደዚያ ይልካል፤ መንገዱን የያዘው ግን መደብሩ ሳይሆን በመካከል ያለው አስተላላፊ ነው። በታኅሣሥ 2016 የወጣው አር.ኤፍ.ሲ. 8030 የተባለው ደንብ እንደሚያዘው፣ አስተላላፊው መልእክቱን ሲቀበል 201 የሚል ቁጥር ይመልሳል። የዚህም ትርጉሙ «ተረክቤአለሁ» እንጂ «አድርሻለሁ» አይደለም። ስልኩ ተዘግቶ ከሆነ መልእክቱ ቢበዛ ላኪው በሰከንድ ቆጥሮ እስከ ወሰነለት ዕድሜ ይቆይና ይጣላል፤ ለአንድ ቀን የሚሰጠው ዕድሜ 86,400 ነው። ስለዚህ ለአንድ ቀን ቅናሽ የሳምንት ዕድሜ የሰጠ ነጋዴ ደንበኛውን ወደ ተዘጋ ገበያ ይጠራዋል። በ2017 በወጣው ሌላ ደንብ መሠረትም አስተላላፊው የሚሸከመውን መልእክት እንዳያነበው ጽሑፉ በምስጢር ቁልፍ ይዘጋል።

ይሁን እንጂ ችግር የፈጠረው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን የላኪዎቹ ጥድፊያ ነበር። እንግዳው ዕቃውን እንኳ ሳያይ ፈቃድ የሚጠይቁ ገጾች በመብዛታቸው፣ በ2020 መጀመሪያ ፋየርፎክስ ጥያቄውን ተጠቃሚው ገጹን እስኪነካ ድረስ ሸሸገው፤ ክሮምም ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበትን ዘዴ አመጣ። አፕልም በ2023 ለአይፎን ሲፈቅድ፣ ተጠቃሚው በስልኩ መነሻ ገጽ ላይ ላኖረው ድረ ገጽ ብቻ አደረገው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የተላከውን ቆጥሮ እንደ ደረሰ የሚመዘግብ መደብር ራሱን ያታልላል። አንድ ጊዜ የታገደ ፈቃድም ደንበኛው ራሱ ካልመለሰው በቀር በልመና አይመለስም።