ካሳውን ከማን እንጠይቅ?

መስቀልን ለማክበር እምድብር በገባሁ በሁለተኛው ቀን እህቴ ልጇን የ45 ቀን ክትባት አስከትባ መጣች። ማታ ሕፃኑ በትኩሳት ነደደ። «ትኩሳት ሊኖረው ይችላል፣ አትደንግጪ» ተብላ ነበር፤ ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፎ አለመደንገጥ ከባድ ነው። እናቴ «ልብሱን አቅልይለት፣ አጥቢው» እያለቻት ቆይታ ድንገት፣ «ይሄ ልጅ አንድ ነገር ቢሆን ማንን ነው የምንጠይቀው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ጠዋት ትኩሳቱ በረደ፣ እኛም ወደ ክትፏችን ተመለስን።

ጥያቄው ግን አዲስ አበባ ድረስ ተከተለኝ። ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ ሲስተም ሲወድቅ ማን እንደሚጠየቅ ቀድሞ ካልተጻፈ ምን ዓይነት ትርምስ እንደሚፈጠር አውቃለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ማንበብ ጀመርኩ። (ጠበቃ አይደለሁም፤ እንደ ኮድ ነው ያነበብኩት።)

ይህ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ እስካሁን እየሠራ ነው። ረቂቁን ያዘጋጀው ረኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ የሕግ ፕሮፌሰር ነበር። አንቀጽ 20 ላይ ማንም ሰው ምርመራም ሆነ ሕክምና አልፈልግም ማለት እንደሚችል ይደነግግና፣ ወዲያው ስለ ግዴታ ክትባት የሚወጡ ሕጎችን ግን ይህ መብት አይነካቸውም ይላል። ማለትም የሕጉ አርቃቂዎች ክትባትን አስበውበታል። መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ብሎ መርፌ ሊያዝ እንደሚችል ያውቁ ነበር። በዚያ መርፌ አንድ ልጅ ቢጎዳስ? እዚያው አንቀጽ ላይ መልስ የለም፤ ከውል ውጭ ስለሚመጣ ኃላፊነት ወደሚናገረው ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

እዚያ በሮች አሉ። ችግሩን ለማየት አንድ እውነተኛ ጉዳት እንውሰድ። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ አለው። እጅግ አልፎ አልፎ፣ በግምት ከ2.7 ሚሊዮን አንድ ጊዜ፣ ጠብታው ራሱ ሽባ ያደርጋል። ፋብሪካው በትክክል አምርቶት፣ ነርሷ በትክክል ሰጥታው ማለት ነው። ያጠፋ የለም።

አሁን የዚያን ልጅ እናት ይዘን በሮቹን እናንኳኳ። አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ባጠፋው ጥፋት መንግሥትን መጠየቅ ይቻላል ይላል። ጥፋት የለም፤ ተዘጋ። አንቀጽ 2085 ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብን ሰው ተጠያቂ ያደርጋል። ጥሩ፣ ግን አምራቹ ሕንድ ወይም አውሮፓ ነው፤ የእምድብር እናት እዚያ ድረስ ክስ ትመሥርት? አንቀጽ 2067 በድርጊቱ የሰው አካል የጎዳ ሰው ባያጠፋም ይከፍላል ይላል፤ ሕግ ያዘዘው ድርጊት ካልሆነ በስተቀር። ቃል በቃል ከወሰድነው ይህ በር የሚወስደን ጠብታውን ወደሰጠችው ነርስ ነው። በደመወዟ ቤት የምታስተዳድር፣ ምንም ያላጠፋች ሴት! በዚህ ሁሉ ላይ አንቀጽ 2143 አለ፤ ከጉዳቱ በኋላ ያለሽ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ልጁ በወጉ መሄድ አለመሄዱ የሚለየው እኮ በዚያው ዕድሜ ነው።

ይህ ክፍተት የእኛ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ ውስጥ ከተር የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ ያመረተው የፖሊዮ ክትባት ውስጥ ያልሞተ ቫይረስ ተገኘ። 10 ሰዎች ሞቱ፣ ወደ 200 የሚጠጉ ሽባ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1958 ጉዳዩን ያዩት ዳኞች ኩባንያው ቸልተኛ አልነበረም አሉ፤ ቢሆንም ይክፈል ብለው ወሰኑ። ከዚያ ወዲህ ክሱ እየበዛ ሄደ። በ1980ዎቹ አምራቾች ገበያውን ጥለው መውጣት ሲጀምሩ ክትባቱ ራሱ ሊጠፋ ሆነ። ኮንግረሱ በ1986 ሕግ አወጣ፤ ክትባቱ በሚከላከለው እያንዳንዱ በሽታ 75 ሳንቲም ታክስ ይጣላል፣ ከዚያ ፈንድ ለተጎጂ ይከፈላል፣ ጥፋት ማስረዳት አያስፈልግም። እስካሁን ከ5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተከፍሏል። ይህን ቁጥር ቲክቶክ ላይ «ክትባት ገዳይ ነው» ለማለት የሚጠቀሙበት አሉ። አብዛኛው ክፍያ ግን ክትባቱ ጉዳቱን ማድረሱ ሳይረጋገጥ በስምምነት ያለቀ ነው። ጠያቂ ሁሉም አያገኝም፤ ክትባት ኦቲዝም ያመጣል ያሉ ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያው ፍርድ ቤት ተረተዋል።

እኔን ያስገረመኝ ግን የፈረንሳይ ታሪክ ነው። ረኔ ዳቪድ የእኛን ሕግ ከጻፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ የገዛ አገሩ በግዴታ ክትባት ለተጎዳ ሰው መንግሥት ጥፋት ባይኖርበትም እንዲከፍል ሕግ አወጣች። ጀርመን በ1961 ቀድማታለች። ክርክሩ ቀላል ነው። መንጋው የሚጠበቀው ሁሉም ሲከተብ ነው፤ ስለዚህ ዕጣው የወደቀበትን ልጅ ሁሉም ይሸከመው። እነሱ ኮዳቸውን አደሱ፣ እኛ የመጀመሪያውን ቨርዥን ይዘን ቀረን።

አንድ ጊዜ ብቻ በሩ ተከፍቶልን ነበር። በኮቪድ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2021፣ የዓለም ጤና ድርጅት በኮቫክስ በኩል ክትባት ለሚያገኙ 92 አገሮች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ጥፋት ሳያስረዱ ካሳ የሚጠየቅበት አሠራር ዘረጋ። ገንዘቡን የሚቀበል ክስ የመመሥረት መብቱን ይተዋል፤ መጠኑ ደግሞ የሚሰላው ከአገሩ የነፍስ ወከፍ ገቢ ተነስቶ ነው፤ ይኼኛው ትንሽ ያማል። ለማንኛውም ያ ለኮቪድ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለሕፃናት የሚሰጡትን መደበኛ ክትባቶች አይነካም። ከእነዚህ ክትባቶች በኋላ ችግር ሲያጋጥም ጤና ባለሙያው ቅጽ ሞልቶ ወደ ላይ ያሳውቃል። ባግ ሪፖርት በሉት። ለሚቀጥለው ልጅ ይጠቅማል፤ ለተጎዳው ልጅ እናት ግን ብር አያመጣም።

ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ ላስረዳት ሞከርኩ። 2067 ላይ ስደርስ አቋረጠችኝ። «የጆካ እኮ ሳያስበው ሰው የገደለም ካሳ ይከፍላል» አለች። የሰባት ቤት ጉራጌ ቅጫ እንደዚያ ነው፤ ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፣ ሆን ተብሎ መሆን አለመሆኑ መጠኑን ይለውጠዋል እንጂ የሟች ወገን ባዶ እጁን አይሸኝም፤ ካሳውንም ገዳዩ ብቻውን አይሸከምም፣ ዘመድ ያዋጣለታል። አሜሪካኖቹ በ75 ሳንቲም የሠሩትን እናቴ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። «የነርሷ ዘመድ ማነው ታዲያ?» አልኳት። «መንግሥት ነዋ!» አለችኝ።

ሕፃኑ ሁለተኛውን ዙር ተከትቧል። በዚያ ቀን እናቴም አብራ ሄዳ ነበር። ነርሷን ያንኑ ጥያቄ ጠየቀቻት። ነርሷ ካርዱ ላይ ቀጣዩን ቀጠሮ ጽፋ፣ «ትኩሳቱ ከሁለት ቀን ካለፈ ቶሎ አምጡት፣ እማማ» አለቻት።