ስለ ወይን አገርና ስለ ድውያን ቤት፤ ከፓሪስ እስከ ሊዮን በአሮጌው የባቡር መንገድ

መንገደኛ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለመድረስ ይሄዳል፥ ሁለተኛው ለማየት ይሄዳል። በፈረንሳይ አገር ከፓሪስ ወደ ሊዮን ለሚወርድ ሰው ለሁለቱም የሚሆን ሐዲድ ተዘርግቶለታል። ለመድረስ የሚቸኩለው በ1981 ዓ.ም. ተከፍቶ በ1983 ዓ.ም. በተፈጸመው በአዲሱ የፈጣን ባቡር መንገድ ገብቶ በሁለት ሰዓት ያህል ሊዮን ይደርሳል፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ለማየት የሚወድ ግን ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው በአሮጌው መንገድ፥ በሳንስ፥ በዲዦንና በቦን በኩል፥ በየከተማው እየወረደና እያደረ፥ አንድ ሳምንት ወስዶ ይጓዛል።

ይህ አሮጌ መንገድ የሚያልፍበት አገር ቡርጎኝ ይባላል። በወይን ጠጁና በማዕዱ ስሙ በዓለም የተሰማ ስለ ሆነ፥ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለሚበላውና ስለሚጠጣው ነው። ዳሩ ግን ታሪኩን ጠይቆ የሚመረምር ሰው፥ ማዕድ ባማረባቸው በታላላቆቹ ከተሞች ከማዕዱ አጠገብ የድውያን ቤት ቆሞ ያገኛል። የደስታው ቤትና የሕማሙ ቤት እንዲህ ተጎራብተው እንዴት ኖሩ? ዛሬስ አንዱ ለሌላው ምን ያደርግለታል? የዚህ መንገድ ታሪክ ይህን ጥያቄ ያስነሣል።

ሐዲዱ በአንድ ጊዜ አልተሠራም። ከዲዦን በቦን አልፎ እስከ ሻሎን ያለው ክፍል በ1849 ዓ.ም. ተከፈተ፤ ከፓሪስ እስከ ዲዦን ያለው በ1851 ዓ.ም. ተፈጽሞ የሪፑብሊኩ ፕሬዚዳንት ሉዊ ናፖሌዎን ቦናፓርት ራሱ ወደ ዲዦን መጥቶ መረቀው፤ በ1854 ዓ.ም. ደግሞ ባቡሩ ሊዮን ገባ። ቀድሞ በፈረስ ሠረገላ ብዙ ቀን ይፈጅ የነበረው መንገድ የአንድ ቀን መንገድ ሆነ።

ከፓሪስ መቶ ኪሎ ሜትር ከጥቂት አልፎ የመጀመሪያው ማረፊያ ሳንስ ነው። ካቴድራሉ በ1130ዎቹ ዓመታት ገደማ የተጀመረ ሲሆን፥ ጎቲክ በሚባለው አሠራር ከታነጹት ካቴድራሎች የመጀመሪያው እንደ ሆነ ይነገርለታል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት ስለ ቤተ ክርስቲያን መብት ከንጉሡ ከሄንሪ 2ኛ ጋራ ተጣልቶ በ1164 ዓ.ም. በተሰደደ ጊዜ፥ በመጀመሪያ በቡርጎኝ ባለው በፖንቲኚ ገዳም፥ ኋላም በሳንስ ተቀመጠ። በ1170 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሶ በገዛ ካቴድራሉ ውስጥ ተገደለ። ልብሰ ተክህኖው እስከ ዛሬ በሳንስ ካቴድራል ዕቃ ቤት ይታያል። እንግዳን መቀበል የዚህ አገር የቈየ ልማድ መሆኑን መንገደኛው በመጀመሪያው ማረፊያው ይማራል።

ከሳንስ በኋላ ሞንባር ይመጣል። ከጣቢያው ጥቂት ርቆ በርናርዶስ የተባለው የምዕራባውያን መነኵሴ በ1118 ዓ.ም. ያቆመው የፎንትኔ ገዳም በጫካ መካከል አለ። ከዚያ ወዲያ ባቡሩ አራት ኪሎ ሜትር በሚረዝመው በብሌዚ ዋሻ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፍና ወደ ዲዦን ይወርዳል።

ዲዦን የቡርጎኝ መሳፍንት ከተማ ነበረች። ከ1363 እስከ 1477 ዓ.ም. አራት መሳፍንት ተከታትለው ግዛታቸውን እስከ ፍላንድርና እስከ ሆላንድ አሰፉ፤ በሀብትና በግብር አዳራሽ ክብር ከነገሥታት አያንሱም ነበር። የወይን ጠጅንም ነገር እንደ መንግሥት ሥራ ይመለከቱት ነበር። ከእነርሱ የመጀመሪያው ፊሊፕ ጀግናው በ1395 ዓ.ም. ዐዋጅ አውጆ፥ ብዙ የሚያፈራውን ነገር ግን ጠጁ የማያምረውን ጋሜ የተባለ የወይን ተክል ሕዝቡ ነቅሎ እንዲጥል አዘዘ። ፒኖ የተባለው ጥቂት የሚያፈራው ተክል በዚያ አገር እስከ ዛሬ መክበሩ ከዚህ ዐዋጅ ጋራ የተያያዘ ነው።

ይኸው መስፍን ለእርሱና ለዘሩ መቃብር እንዲሆን በ1383 ዓ.ም. ከከተማው ቅጥር ውጭ የሻንሞልን ገዳም መሠረተ። ክላውስ ስሉተር የተባለው ቅርጽ ሠሪ በገዳሙ ግቢ ባለ ጕድጓድ ላይ ሙሴንና አምስት ነቢያትን ከድንጋይ ፈልፍሎ አቆመ፤ ሥራውም የሙሴ ጕድጓድ ይባላል። ዳሩ ግን የመሳፍንቱ መንግሥት ብዙ አልቈየም። ሻርል ደፋሩ በ1477 ዓ.ም. በናንሲ ጦርነት ወድቆ ሞተ፥ ቡርጎኝም ለፈረንሳይ ንጉሥ ገባች። ገዳሙም በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ፈረሰ። ዛሬ ያ ቦታ የአእምሮ ሕሙማን የሚታከሙበት ሆስፒታል ነው፤ ነቢያቱን ለማየት የሚሄድ መንገደኛ በሕሙማኑ ግቢ ያልፋል። መሳፍንት ለሬሳቸው ክብር የለዩት ምድር ለድውያን ማረፊያ ሆነ።

የዲዦን ማዕድ የታወቀ ነው። የበሬ ሥጋ በቀይ የወይን ጠጅ ብዙ ሰዓት ተቀቅሎ ይቀርባል። ቀንድ አውጣም በቅቤና በነጭ ሽንኩርት ተሰናድቶ ይበላል፤ ይህን የኢትዮጵያ ሰው በዓይኑ ብቻ አይቶ ቢያልፈው አይፈረድበትም። ማርና ቅመም የገባበት ዳቦም አለ። ከሁሉ ይልቅ ግን ከተማይቱን ያስጠራት፥ በወንጌል ስለ ትንሽነቷ የተነገረላት የሰናፍጭ ቅንጣት ናት። አሁን ግን አብዛኛው የሰናፍጭ ዘር የሚመጣው ከካናዳ ነው፤ ስሙ የዲዦን፥ ዘሩ የሩቅ አገር ሆኗል። ነጭ የወይን ጠጅ ካሲስ ከሚባል ጥቁር የቍጥቋጦ ፍሬ ከተሠራ ጣፋጭ መጠጥ ጋራ ተቀላቅሎ የሚጠጣውም፥ ከ1945 እስከ 1968 ዓ.ም. የከተማው ከንቲባ በነበረው በካህኑ በፌሊክስ ኪር ስም ኪር ይባላል። ይህ ካህን በ1940 ዓ.ም. ጀርመኖች ከተማይቱን በያዙ ጊዜ ብዙ የጦር ምርኮኞች እንዲያመልጡ የረዳ ሰው ነው።

በዚህችው ከተማ መስፍኑ ኦድ 3ኛ በ1204 ዓ.ም. በመንፈስ ቅዱስ ስም የመሠረተው የድኾች ሆስፒታል ነበረ። በዘመናችን ሕሙማኑ ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረው፥ ቦታው በ2022 ዓ.ም. የምግብና የወይን ጠጅ ጥበብ የሚታይበት ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። በሻንሞል የመሳፍንቱ ቦታ ለድውያን ሆነ፤ በዚህ ደግሞ የድውያኑ ቦታ ለማዕድ ሆነ።

ከዲዦን እስከ ቦን አርባ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፥ ባቡሩ በግራው ሜዳውን በቀኙ የወይኑን ተረተር እያሳየ ይሄዳል። ተረተሩ በጣም ጠባብ ነው፤ ነገር ግን እያንዳንዱ እርሻ የራሱ ስምና የራሱ ጣዕም አለው። በስም ተለይተው የሚታወቁት ቦታዎች 1,247 ሲሆኑ፥ በ2015 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ይህን ልዩነት አስተውለው በትጋት ካኖሩት መካከል መነኮሳት ዋነኞቹ ናቸው። የሲቶ ገዳም በ1098 ዓ.ም. ተመሠረተ። መነኮሳቱ በቤኔዲክቶስ ሥርዐት የሚኖሩ፥ በእጃቸው ሠርተው የሚበሉ ነበሩ። ሥርዐቱ ለአንድ መነኵሴ በቀን ጥቂት የወይን ጠጅ ብቻ ይፈቅዳል፤ ይሁን እንጂ ለቍርባን፥ ለእንግዳና ለድውይ የወይን ጠጅ ያስፈልግ ነበርና በቩዦ መንደር አጠገብ የወይን ቦታ አቅንተው በድንጋይ ካብ አጠሩት። ስፋቱ 50 ሄክታር፥ በአገራችን ልክ አንድ ጋሻ ከሩብ ያህል ነው። አብዮቱ የገዳማትን ርስት ሲወርስ ይህም ከእጃቸው ወጣ፤ ዛሬ በዚያ በአንድ ካብ ውስጥ ሰማንያ ያህል ባለቤቶች ተካፍለው ይኖራሉ። በቩዦ ትንሽ ጣቢያ የሚወርድ መንገደኛ ካቡን በእግሩ ሊዞረው ይችላል።

ባቡር ለዚህ አገር ያመጣው በረከት ብቻ አይደለም። ሐዲዱ ከደቡብ የሚመጣውን ርካሽ የወይን ጠጅ ወደ ፓሪስ ስለ ወሰደ፥ ቀድሞ ለፓሪስ ሕዝብ ተራ ጠጅ ያቀርቡ የነበሩት የሰሜን ቡርጎኝ ገበሬዎች ገበያቸውን አጡ። ቀጥሎም ከአሜሪካ የመጣች ፊሎክሴራ የምትባል፥ የወይንን ሥር የምትበላ ደቃቃ ተባይ በ1878 ዓ.ም. በዚህ ተረተር ታየች፤ እርሻው ሁሉ ይደርቅ ጀመር። መድኀኒቱ የተገኘው ተባይዋን ከሚችለው ከአሜሪካ ወይን ሥር ላይ የቡርጎኝን ቅርንጫፍ በማጣበቅ ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ የበረሃው ወይራ ቅርንጫፍ በመልካሙ ወይራ ላይ መግባቱን ይናገራል፤ በዚህ ግን መልካሙ ቅርንጫፍ በበረሃው ሥር ዳነ።

ከዚህ በኋላ መንገደኛው ቦን ይደርሳል። ብዙ ሊቈይ የሚገባውም በዚህ ነው።

በ1443 ዓ.ም.፥ በኢትዮጵያ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ነግሠው በነበሩበት ዘመን፥ የቡርጎኝ አገር በጦርነት፥ በረኃብና በቸነፈር ተጐድቶ ነበር። በ1435 ዓ.ም. በአራስ ዕርቅ ቢደረግም ደመወዝ ያጡት ወታደሮች ወንበዴ ሆነው ሕዝቡን ይዘርፉት ነበር። በዚያን ጊዜ የመስፍኑ የፊሊፕ ደጉ ጸሓፌ ትእዛዝ ኒኮላ ሮላን ከሚስቱ ከጊጎን ደ ሳላን ጋራ ለድኾች ሕሙማን የሚሆን ቤት ለመሥራት ወሰነ። ቤቱም ኦቴል ዲዩ ተባለ፥ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። የመጀመሪያው ሕመምተኛ በ1452 ዓ.ም. በጥር መባቻ ገባ።

ሮላን ብዙ ሀብት የሰበሰበ ሹም ስለ ነበረ፥ የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 11ኛ፥ ብዙ ሰው ያደኸየ ሰው ለድኾች ቤት ቢሠራ ይገባዋል ብሎ ቀለደ እየተባለ ይነገራል። ቀልዱ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፥ ቤቱን ያየ ሰው መሥራቹ ስለ ነፍሱ ሳያስብ እንዳልሠራው ያውቃል። የጣሪያው ክዳን በልዩ ልዩ ቀለም ያጌጠ ነው፤ ከጣሪያው በታች ሃምሳ ሜትር ያህል የሚረዝም የድኾች አዳራሽ አለ። አልጋዎቹ በግራና በቀኝ ተሰልፈው፥ ሕሙማኑ ከተኙበት ሳይነሡ ቅዳሴ እንዲሰሙ የጸሎቱ ቤት በአዳራሹ ጫፍ ተሠርቷል። በመሠዊያውም ላይ ሮጊር ቫን ደር ዋይደን የሣለው የመጨረሻው ፍርድ ሥዕል ቆሞ ነበር፤ ቅዱስ ሚካኤል ሚዛን ይዞ ነፍሳትን ሲመዝን ያሳያል። መስፍኑን ያገለገለው ባለጠጋ ጸሓፌ ትእዛዝ ይህን ሚዛን ለሚሞቱ ድኾች ማጽናኛ፥ ለራሱም ማስጠንቀቂያ አድርጎ ያቆመው ይመስላል። ሥዕሉ ዛሬ በዚያው ግቢ በሌላ ክፍል ይታያል።

ቤቱን እስከ ዛሬ ያቆመው ግን የግንቡ ጽናት ብቻ አይደለም። ከ1457 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዎች የወይን ቦታቸውን ለድውያኑ ቤት በስጦታ እየተናዘዙ ሰጡ፤ ርስቱ ዛሬ 60 ሄክታር ያህል፥ አንድ ጋሻ ተኩል ማለት ነው። ባቡር ቦን በገባ በዐሥረኛው ዓመት፥ በ1859 ዓ.ም.፥ የዚህ ርስት የወይን ጠጅ በግልጽ ጨረታ መሸጥ ጀመረ፤ ዛሬም በኖቬምበር ወር በሦስተኛው እሑድ ይሸጣል። ነጋዴዎች ከብዙ አገር መጥተው 228 ሊትር የሚይዘውን በርሜል እየተሽቀዳደሙ ይገዙታል። በ1971 ዓ.ም. ሕሙማኑ ወደ አዲስ ሆስፒታል ተዛውረው አሮጌው ቤት ለጐብኚዎች የተተወ ቢሆንም፥ የወይኑ ገቢ አሁንም የሚውለው ለሕክምናውና ለሽማግሌዎች መጦሪያ ነው። መሳፍንቱ አልፈዋል፥ መነኮሳቱም ርስታቸውን አጥተዋል፤ ለድኻ የተሰጠው ወይን ግን በየዓመቱ ያፈራል።

ከቦን በኋላ ባቡሩ በሻሎን፥ በቱርኑና በማኮን አልፎ በሶን ወንዝ ዳር ወደ ሊዮን ይወርዳል። ሊዮን በ177 ዓ.ም. ባሪያዪቱ ብላንዲና ከብዙ ምእመናን ጋራ በሰማዕትነት የሞተችባት፥ ከዚያም በኋላ ሄሬኔዎስ ጳጳስ ሆኖ የተሾመባት ጥንታዊት ከተማ ናት። በምግብም የተከበረች ናት፤ የሐር ሠራተኞች ከበሉት ከጨጓራና ከሆድ ዕቃ የሚሰናዳው ወጥ ዛሬ የባለጠጎች ምግብ ሆኗል። በድኽነት አድጋ የቤት ሠራተኛ የነበረችው ኤዦኒ ብራዝዬ በ1933 ዓ.ም. በሁለት ምግብ ቤቶቿ ከፍተኛውን የሚሽላን ማዕርግ አገኘች።

በዚህችም ከተማ ኦቴል ዲዩ አለ። ደራሲው ራብሌ በ1532 ዓ.ም. በሐኪምነት የተሾመበት፥ ሱፍሎ የተባለው መሐንዲስ በሮን ወንዝ ዳር ረዥሙን ፊቱን ያሳመረለት ቤት ነው። ስምንት መቶ ዓመት ያህል ድውያንን ሲቀበል ከኖረ በኋላ በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በ2018 ዓ.ም. የሱቅና የምግብ ቤት ስፍራ ሆኖ ተከፈተ፥ በማግሥቱም ዓመት የባለጠጎች ሆቴል ገባበት። ሕሙማን በሌላ ስፍራ በተሻለ ሕክምና ይረዳሉና ይህን ያደረገውን ሰው መንቀፍ አይገባም፤ አሮጌ ግንብም ካልተጠቀሙበት ይፈርሳል። ነገር ግን ቦንንና ሊዮንን በተከታታይ ቀን ያየ መንገደኛ ልዩነቱን ሳያስተውል አይቀርም። በሊዮን ማዕዱ የድውዩን ቦታ ወረሰ፤ በቦን ማዕዱ ለድውዩ ይገብራል።

ደጉ ሳምራዊ በመንገድ ወድቆ ያገኘውን ቍስለኛ በዘይትና በወይን ጠጅ አከመው፤ ወደ እንግዶች ማደሪያም ወስዶ ዋጋውን ከፈለለት። በዚህ ምሳሌ ወይኑ፥ ማደሪያውና ድውዩ በአንድነት ይገኛሉ። መንገደኛውም መንገዱን አቁሞ ከአህያው ስለ ወረደ ቍስለኛውን አዳነ። በፈጣኑ ባቡር የሚያልፍ ሰው ቦንን በመስኮቱም አያያትም፤ በአሮጌው መንገድ ሄዶ በጣቢያዋ የሚወርድ ግን ከጽዋው ጋራ የድውያኑን ቤት ታሪክ ይቀበላል፥ ከከፈለውም ዋጋ ጥቂቱ ለማን እንደሚደርስ ዐውቆ ይጠጣል።